ባለ ሁለት ቅስት ሮል ባር፦ አራቱ እግሮች የት ይረፉ?

ስለ ሮል ባር፣ ማለትም መኪና ሲገለበጥ ተሳፋሪውን እንዲጠብቅ ከመቀመጫ ጀርባ ስለሚቆም የብረት ቱቦ ቅስት፣ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር የከፈተው በቨርጂኒያ የሚኖር፣ ቀን በሰው ጋራዥ የሚሠራና በትርፍ ጊዜው የራሱን መኪና የሚገጣጥም መካኒክ ነው። መኪናው በማሳቹሴትስ ዋረሃም ከተማ ካለው ከፋክተሪ ፋይቭ ሬሲንግ በኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በክፍል በክፍሉ፣ የመጣ፣ የ1933ን የፎርድ ሮድስተር መልክ የያዘ ሆት ሮድ ሲሆን ሻንሲው ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ ቦዲው ፋይበርግላስ፣ ሞተሩ ቪ8 ነው። ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ ለየብቻ የሚቆሙ ሁለት ቅስት ሮል ባሮችን ራሱ አጥፎ፣ ራሱ በይዶ ሊሠራ አስቧል። የእያንዳንዱ ቅስት ስፋት ከውጭ እስከ ውጭ 16 ኢንች፣ ቱቦው 1.75 ኢንች ዲያሜትርና 0.120 ኢንች ውፍረት ያለው ዲኦኤም የሚባል ዓይነት፣ የተዋሰው ማጠፊያ ማሽን ፎርማ (ቱቦው ታቅፎ የሚታጠፍበት ቅርጽ) ራዲየስ ደግሞ 6 ኢንች መሆኑን ከነሥዕሉ አቅርቧል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቅስቶቹ ተለያይተው ይቁሙ ወይስ ከአንድ ረጅም ቱቦ ወጣ ገባ ተደርገው ይታጠፉ፣ ክሮም ቢነከሩስ ጉዳት አለው ወይ የሚል። ከጥያቄዎቹ መሀል ግን አንድ አቋም አስገብቷል፦ ቱቦው ይህን ያህል ወፍራም ከሆነ የቀረው ሥራ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሏል። ሃያ ስድስት መልሶች የተከተሉት፣ በእኔ ግምት፣ ከጥያቄዎቹ ይልቅ በዚህ አቋም ምክንያት ነው።

1ኛው መልስ ሰጪ ጠያቂውን መርቆና አበረታትቶ መኪናው ለመንገድ፣ ለድራግ (ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ለሚደረግ የሩብ ማይል የፍጥነት) ውድድር ወይስ ለትርኢት እንደሆነ ጠየቀ። ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የሚያሳዝነው ጠያቂው መልሱን እስከ 17ኛው ድረስ ማዘግየቱ ነው።

2ኛው ወጪ ለመቀነስ ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጠውን ባለ 1½ ኢንች የውሃ ቧንቧ እንዲጠቀም መከረ። 3ኛው ወዲያው አረመው፤ 1½ ኢንች የሚባለው ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 1.9 ኢንች በመሆኑ በጠያቂው ፎርማ ውስጥ እንኳ እንደማይገባ፣ ብረቱም ውሃና ጋዝ እንዲያስተላልፍ እንጂ የተገለበጠ መኪና እንዲሸከም ታስቦ እንዳልተሠራ አስረዳ። ይኸው ሰው ግን ዲኦኤም ስፌት አልባ ቱቦ ነው ብሎ ስለጻፈ 4ኛው በተራው እርሱን አረመ፦ ዲኦኤም መጀመሪያ ከላሜራ ተጠቅልሎ የሚበየድ፣ ከዚያም በውስጡ ብረት ገብቶበት በቅዝቃዜ የሚጎተት ቱቦ ነው፤ በጉተታው የውስጥ ስፌቱ ይጠፋል፣ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ይሆናል፣ ጥንካሬውም ይጨምራል። ልዩነቱ ኋላ ላይ በ21ኛው መልስ ዋጋ ስለሚያወጣ እርማቱን ከንትርክ አልቆጠርሁትም።

5ኛው ቱቦው ወደ 1.5 ኢንች ቢቀጥን ለዓይን እንደሚያምር፣ ካልሆነም ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት) እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። 6ኛው በቁጥር መለሰለት፤ በተመሳሳይ ውፍረት ከ1.5 ወደ 1.75 ኢንች ሲኬድ ክብደቱ በ18 በመቶ ገደማ ሲጨምር ቱቦው መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም ግን በ41 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አሰላ። ክሮሞሊን በተመለከተ የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ ለ1.75 ኢንች ሮል ባር ከተራ ብረት ቢያንስ 0.118፣ ከክሮሞሊ 0.083 ኢንች ውፍረት እንደሚጠይቅ፣ በአንድ ጫማ ርዝመትም የጠያቂው ቱቦ 2.09፣ ክሮሞሊው 1.48 ፓውንድ ያህል እንደሚመዝን ዘረዘረ። ሆኖም ክሮሞሊን ማኅበሩ የሚቀበለው ቲግ በሚባለው የአርጎን ብየዳ ከተበየደ ብቻ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ በሥዕሉ ጥግ ላይ ያሳየው ባለ ሽቦ የሚግ ማሽን ነው። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ።

7ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሥዕሉን ወስዶ ለክቶታል። ስፋቱ ከውጭ 16 ኢንች ከሆነ ከእግር መሀል እስከ እግር መሀል 14.25 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የሁለቱ እጥፋቶች ራዲየስ 12 ኢንች ሲቀነስ አናት ላይ የሚቀረው ቀጥ ያለ ቱቦ 2.25 ኢንች ብቻ ነው። ስለዚህ ቅስቱ በሥዕሉ ላይ እንዳለው ጠፍጣፋ አናት ያለው ሳይሆን ግማሽ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ይሆናል፤ ሁለተኛው እጥፋት የመጀመሪያው ካለቀበት ሁለት ኢንች ተኩል ሳይሞላ ስለሚጀምር የማሽኑ መያዣ ቀጥ ያለ ቱቦ አግኝቶ ይጨብጥ ዘንድ ቦታው መብቃቱ አስቀድሞ በቁራጭ መሞከር አለበት። ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍ ቱቦ ሲለቀቅ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ይህም ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ በዚያው ቁራጭ ላይ ተለክቶ እንዲያዝ አከለ። ቀጥሎ የቱቦውን ርዝመት ደመረ፦ ሁለቱ እጥፋቶች 18.85 ኢንች፣ አናቱ 2.25፣ እግሮቹ ሁለት ሁለት ጫማ ቢሆኑ አንዱ ቅስት 69 ኢንች ገደማ ይፈጃል፤ ሁለቱ ቅስቶች 11.5 ጫማ፣ ሦስት ሦስት ጫማ የሆኑ ሁለት የኋላ ደጋፊዎች 6፣ ቅስቶቹን የሚያያይዝ አራት ጫማ አግዳሚ ሲጨመር 21.5 ጫማ። ጠያቂው ያዘዘው አንድ ባለ 20 ጫማ ቱቦ ነበር። ደጋፊና አግዳሚ የሚባል ነገር በእርሱ ሥዕል ላይ አለመኖሩን ልብ ያልነው ያን ጊዜ ነው።

8ኛው የራሱን ገጠመኝ አወራ። ቅስቱን በአንድ ማርሚታ ቤት አሳጥፎ ቱቦው ከእጥፋቱ ውስጠኛ ጎን ተሸብሽቦ፣ ከላይም ተጠፍጥፎ እንደተመለሰለት፣ ለጭስ መውጫ የተሠራው ማሽን ስስ ቱቦን እየጨመቀ የሚያጥፍ እንጂ ክቡን ጠብቆ የሚጎትት እንዳልሆነ የተረዳው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ መሆኑን ገለጸ። 9ኛው በዚህ ተንተርሶ፣ ራዲየሱ ከቱቦው ዲያሜትር ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም የሚለውን ደንብ ጠቀሰ፤ ለ1.75 ኢንች ቱቦ ዝቅተኛው 5.25 ስለሚሆን የጠያቂው ፎርማ በቂ ነው። ከብረቱ በፊትም በስስ የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ ሞዴል ሠርቶ መቀመጫው ላይ በመቀመጥ እንዲያየው መከረ። ሞዴሉ ከአንድ ቱቦ ርካሽ ነው።

10ኛውን የጻፉት በዴንቨር የሚኖሩ፣ በክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንጋፋ በያጅ ናቸው። እርሳቸው ስለ ቱቦ አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁት ቅስቶቹ አራት እግር ካላቸው እያንዳንዱ እግር በምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ሁለቱ የውጭ እግሮች ከሻንሲው ዋና ቱቦዎች አጠገብ ስለሚወርዱ መድረሻ አያጡም፤ ሁለቱ የውስጥ እግሮች ግን በመቀመጫዎቹ መሀል፣ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያዞረው ዘንግ በሚያልፍበት ዋሻ ግራና ቀኝ ይወርዳሉ፤ እዚያ ደግሞ የሚረግጡት ብረት የለም። ከወለሉ ሥር ፎቶ እንዲነሳ በትሕትና አሳሰቡ። እኔ የክሩ ቁም ነገር ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ አንድ ሰፊ ቅስት የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አይገጥመውም፣ ሁለት ጠባብ ቅስት የሚሠራ ሁሉ ግን ይገጥመዋል፣ ብዙዎቹም የሚያልፉት በወለል ላሜራ ላይ አራት ብሎን አስረው ነው።

ጠያቂው በ11ኛው መልስ ይህንኑ ሊያደርግ እንዳሰበ ተናገረ፤ ከወለሉ በላይና በታች ላሜራ አድርጎ፣ ሮንዴላና ዳዶ አጥብቆ። 12ኛው መልስ ሰጪ ትዕግሥቱ አለቀ። እንዲህ ያለው ነገር ፎቶ ማንሻ እንጂ ሮል ባር እንዳልሆነ፣ መኪናው ሲገለበጥ ቅስቱ ወለሉን ቀዶ ወደ ታች እንደሚሰምጥ፣ ጎረቤቱን የሚያስቀናበት ጌጥ ከፈለገ ከገበያ ገዝቶ ቢለጥፍ እንደሚሻለው ጻፈ። 13ኛው ጠያቂው ራሱ ነበር፤ በሰው ጋራዥ ብዙ ሻንሲ መበየዱን፣ ከስልክ ጀርባ ሆኖ መሳደብ እንደሚቀል በቁጣ መለሰ። በ14ኛው አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸ፤ የ12ኛው ሐሳብ እንዲቆይ፣ ስድቡ እንዲነሳ አደረገ። እኔን ከጠየቃችሁኝ 12ኛው በነገሩ ልክ ነበር፣ ባነጋገሩ ግን ሰውየው ፎቶውን ለማንሳት እንዲዘገይ አድርጎታል።

15ኛው እሳቱን አብርዶ ወደ ሥራው መለሰን። ሐሳቡ ከግራው ዋና ቱቦ እስከ ቀኙ ድረስ አንድ ተሻጋሪ ብረት መበየድ፣ የውስጥ እግሮቹንም በእርሱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ተሻጋሪው ከሚዞረው ዘንግ በላይ በቂ ክፍተት ትቶ ማለፍ ስላለበት፣ የኋላው አክሰል ሲወጣና ሲወርድ ዘንጉ እስከ የት እንደሚደርስ ሞላዎቹ ተነቅለው በእጅ ከፍና ዝቅ ተደርጎ መለካት አለበት። የውጭ እግሮቹንም ቢሆን በቱቦው መሀል ሳይሆን ሌሎች ቱቦዎች በሚገናኙበት አንጓ ላይ እንዲያሳርፋቸው፣ አንጓ ከሌለም ጫናውን የሚያሰራጭ ኮርቻ መሰል ላሜራ ዙሪያውን እንዲበይድ አመለከተ። ለማነጻጸሪያ ዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ ከቦዲ ጋር በብሎን ለሚታሰር ዋና ቅስት እግር የሚጠይቀው ማጠናከሪያ ላሜራ ቢያንስ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሆኑን አነሳ፤ ይህም ለብረት ቦዲ የታሰበ እንጂ ለፋይበርግላስ አይደለም።

በዚሁ መልስ የመጀመሪያው ጥያቄም ምላሽ አገኘ። ሁለት ጠባብ ቅስት ተለያይቶ ሲቆም ከጎን የሚመጣ ጫናን እያንዳንዱ ለብቻው ይጋፈጣል፤ በትከሻ ከፍታ ላይ በአንድ አግዳሚ ሲያያዙ ግን ሁለቱም እንደ አንድ ሰፊ አካል ይሠራሉ፣ መልካቸውም ከፊት ሲታይ ያው ሁለት ቅስት ነው። ከአንድ ቱቦ ወጣ ገባ አድርጎ ማጠፍ ግን መሀል ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ጎድጎድ ያለ እግር ያንሳፍፈዋል፤ ካልተደገፈ ጫናው ሲመጣ የሚከፈተው እዚያ ነው። ጋሼም በአጭሩ ይህንን አጸደቁ።

16ኛው ከኤንኤችአርኤ ደንብ ሦስት ነገር አመጣ፤ ቅስቱ ሹፌሩ የራስ ቁር አድርጎ ሲቀመጥ ከቁሩ በላይ ቢያንስ 3 ኢንች መውጣት፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ በ6 ኢንች ውስጥ መሆን፣ ወርዱም ወይ የሹፌሩን ትከሻ ያህል ወይም ከበሩ በ1 ኢንች ውስጥ የሚደርስ መሆን አለበት። ጣሪያ አልባ መኪና ሩብ ማይሉን በ13.49 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከሮጠ ሮል ባር ግዴታ ነው፤ ቀላል ሆት ሮድ ከቪ8 ጋር ደግሞ ይህን ጊዜ ሳይቸገር ያሻሽላል። ባለ 16 ኢንቹ ቅስት የአንድን ሙሉ ሰው ትከሻ ስለማያካትት መርማሪው አያሳልፈውም። እዚህ ላይ ነው 17ኛው ሆኖ ጠያቂው የ1ኛውን ጥያቄ የመለሰው፦ መኪናው ለመንገድ ነው፣ አልፎ አልፎ ግን ወደ ድራግ ሜዳ ሊወስደው ያስባል። አልፎ አልፎ የምትለዋ ቃል ሥዕሉን እንዳለ አፈረሰችው።

18ኛው ተቃራኒውን አደጋ አነሳና ውይይቱን እንደገና አሞቀው። በመንገድ ላይ ማንም ቁር አያደርግም፤ ከኋላ በቀላል ግጭት እንኳ ባዶ ጭንቅላት ከብረት ቱቦ ጋር ከተላተመ ሮል ባሩ ራሱ ገዳይ ይሆናል። ኤስኤፍአይ 45.1 የሚል የደኅንነት ደረጃ ምልክት ያለበት፣ ቱቦው ላይ የሚለበስ ጠንካራ ስፖንጅ እንኳ የተሠራው ቁር ላደረገ ጭንቅላት እንደሆነ አሳሰበ፤ ስለዚህ መቀመጫው የራስ መደገፊያ ያለው ሆኖ ቅስቱ ከእርሱ ጀርባ እንዲርቅ ፈለገ። 19ኛው ይህ ከ16ኛው የ6 ኢንች ደንብ ጋር እንደሚጋጭ ተከራከረ። እንደማየው አይጋጭም፤ ስድስት ኢንች ላይኛው ወሰን ነው፣ በራስ መደገፊያው ውፍረትና በስድስቱ ኢንች መካከል የሚሠራበት ቦታ አለ፣ ነገር ግን ጠባብ ነው፣ የሚለካውም በሞዴሉ ላይ ተቀምጦ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን መከልከሏን አስታውሶ እንዲህ ያለ መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር ቢገጣጠም አዲስ አበባ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሌላው የመርካቶ ባትላሜራዎች የአውቶቡስ ቦዲ በመዶሻ ሲያወጡ ያየ ሰው የኪት መኪና መግዛት ያፍራል ብሎ ቀለደ፤ ሦስተኛው ቀልዱን እንደ ስድብ ወሰደው። አወያዩ ሦስቱንም ወደ ሌላ ክር ስላዛወራቸው ቁጥራቸው እዚህ የለም። ደግ አደረገ።

20ኛው ስለ ክሮም ነበር። ቱቦው ለክሮም ሲዘጋጅ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ በአሲዱና በኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ጉዳቱም ጥንካሬው ከፍ ባለ ብረት ላይ ይብሳል። ለዝቅተኛ ካርቦን ዲኦኤም ስጋቱ አነስተኛ ስለሆነ ጸሐፊው ከቅስቱ ይልቅ ክሮም ስለሚነከሩት ጠንካራ ብሎኖች መጨነቅ እንደሚሻል ገለጸ። የባሰው ችግር ሌላ ነው፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የቀረ አሲድ ከውስጥ ሲበላው ከውጭ አይታይም፣ ክሮሙም የብየዳ ስንጥቅን ይሸፍናል። እርሱ የዱቄት ቀለም ይመርጣል። ጠያቂው ክሮሙን ለመተው ያን ያህል ፈቃደኛ አልመሰለም።

21ኛው የፋይበርግላሱን ጣጣ ፈታ። ቅስቱ ከሻንሲው ጋር እስከ መጨረሻው ከተበየደ ቦዲው ለቀለም ወይም ለጥገና አይነሳም። መፍትሔው ከቦዲው በታች አጭር ጉቶ መበየድና ቅስቱን በውስጥ እጀታ (በሁለቱም ውስጥ በሚገባ አጭር ቱቦ) ማያያዝ ነው፤ የ1.75 ኢንቹ ቱቦ ውፍረት 0.120 ስለሆነ የውስጥ ዲያሜትሩ 1.51 ኢንች ይሆናል፣ 1.5 ኢንች ቱቦም በእጅ ተገፍቶ ሳይላላ ይገባበታል። ይህ የሚሆነው የውስጥ ስፌቱ በጠፋ ዲኦኤም ላይ ነው፤ በተራ ስፌት ቱቦ ላይ ግን የስፌቱ ጉብታ በሊማ ካልተላገ አያስገባም። 4ኛው መልስ ሰጪ ቀደም ብሎ የደከመበት እርማት እዚህ ዋጋ አወጣ፣ እርሱም ይህን ሳያስታውስ አላለፈም። ቦዲው ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከቱቦው ግማሽ ኢንች ያህል ይስፋና በጎማ ይከበብ፤ ሻንሲውና ፋይበርግላሱ እኩል ስለማይወዛወዙ ጠባብ ቀዳዳ ቀለሙን ይሰነጥቃል።

22ኛው አግዳሚው ለትከሻ ቀበቶም እንዲያገለግል ጠየቀ፤ 23ኛው ከትከሻ በላይ እንዳይሆን፣ ከ4 ኢንች በላይም ዝቅ እንዳይል፣ ቀበቶውም ከመቀመጫው ወደ ኋላ ሲሄድ ወይ አግድም ወይ በጥቂቱ ቁልቁል እንዲሆን መለሰ። ዝቅ ካለ በግጭት ጊዜ ቀበቶው አከርካሪን ወደ ታች ይጨቁናል። እንዲሁም ትከሻን ቀጥ አድርጎ የሚያስር ቀበቶ ያለ እውነተኛ ሮል ባር መግጠም ሰውየው ሲገለበጥ ጎንበስ እንዳይል አድርጎ ማሰር መሆኑን አጥብቆ ጻፈ። ይህ ወደ 12ኛው ስለት ቢጠጋም ማንም አልተቆጣም።

በ24ኛው ጠያቂው አዲስ ሥዕል ይዞ ተመለሰ። ቅስቶቹ ወደ 20 ኢንች ሰፍተዋል፤ በዚህም በ7ኛው ስሌት አናታቸው ላይ 6.25 ኢንች ቀጥ ያለ ቱቦ ተገኝቷል። ተሻጋሪው ብረት ገብቷል፣ የኋላ ደጋፊዎቹ ከአናት በ5 ኢንች ውስጥ ተነስተው በሻንጣው ክፍል አልፈው ከሻንሲው ጋር ይገናኛሉ፣ ሁለተኛ ቱቦ ታዟል። ክሮሙ ግን አልቀረም። ጋሼን በስም ጠርቶ አመሰገነ፤ 12ኛውን አላነሳም።

25ኛው የትኛው መገጣጠሚያ ቀድሞ ይበየድ ሲል ጠየቀ፣ 26ኛው የጋሼ መልስ ሆነ። የነዳጅ ታንኩ ከደጋፊዎቹ እግር ሥር ስለሚገኝ አስቀድሞ ወጥቶ ከጋራዡ እንዲርቅ፣ ባትሪው እንዲነቀል አዘዙ። ቅስቶቹ በቱንቢና በውሃ ልክ ተስተካክለው፣ እግሮቻቸው እንዳይከፈቱ ታች በጊዜያዊ ብረት ታስረው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ መጀመሪያ በነጥብ ይያዝ፤ ከዚያ ሹፌሩ ቁር አድርጎ ተቀምጦ ከፍታው እንደገና ይለካ። ሙሉው ብየዳ ከተሻጋሪው ይጀምርና አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ በየመሀሉ እየቀዘቀዘ ይቀጥል፤ በአንድ ወገን ከተጨረሰ ቅስቱ ወደዚያው ይዘማል። የብየዳው ጉብታ በግራይንደር አይላግ፤ ኤንኤችአርኤ የተላገ ብየዳን አይቀበልም፣ ክሮም ነካሪው ግን እንዲላግለት መጠየቁ ስለማይቀር ከእርሱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።